የጣናን ዓሣ ምን ወሰነው? ብዙ ገላጭ ተለዋዋጮችን በግራፍ የማሳየት መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ስለ ጣና ዓሣ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ሰው መረጃውን ሰብስቦ ሲጨርስ በእጁ የሚገኘው ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የያዘውን ዓሣ ይመዘግባል፤ ዓምዶቹ ደግሞ የዓሣውን ክብደት በኪሎ፣ የዓሣውን ዓይነት፣ ወሩን፣ መረቡ የተጣለበትን ቦታ፣ የውኃውን ጥልቀት፣ የውኃውን ጥራት፣ ጀልባው ታንኳ ወይም ባለ ሞተር መሆኑንና የመረቡን ዓይን ስፋት ይይዛሉ። ክብደቱ ምክንያቱ እንዲታወቅ የሚፈለገው ውጤት ነው። የቀሩት ሰባቱ ውጤቱን ያብራራሉ ተብለው የተለኩ ናቸውና ገላጭ ተለዋዋጮች ይባላሉ። ወረቀት ያለው ግን አግድምና ቁመት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ውጤትና ብዙዎቹን ገላጮች ዐይን ሊያነበው በሚችል መልክ አንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ሥራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በምሳሌነት የማቀርባቸው የኪሎ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ያዘጋጀኋቸው እንጂ ከሐይቁ የተለኩ አይደሉም። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ዓሦቹ ጠባይና ስለ ቀን አቆጣጠሩ የምጠቅሰው ግን እንዳለ የተወሰደ ነው።

አንድ በአንድ መሳል የሚያስከትለው ስሕተት

የተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ገላጭ ለየብቻው አንድ ባር ግራፍ መሥራት ነው፤ አንዱ በጀልባ፣ አንዱ በቦታ፣ አንዱ በወር እየተባለ ሰባት ገጽ ይሞላል። ይህ አሠራር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እውነቱን ሊገለብጠው ይችላል። በጣና ላይ ባለ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በስፋት መግባት የጀመሩት በ1986 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲሆን፣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ግን ከጥንት ጀምሮ እስከ ዛሬ ይቀዘፋል። ታንኳ ሩቅ ስለማይሄድ ባለቤቱ መረቡን የሚጥለው በአብዛኛው በቅርቡ ባለው ዳርቻ ነው፤ ባለ ሞተሩ ደግሞ ዓሣ ወደሚሰበሰብባቸው የወንዝ መግቢያዎች መድረስ ይችላል። ይህን ልዩነት ይዘን የሚከተለውን እንመልከት።

መቶ የታንኳና መቶ የሞተር ጉዞዎች ተመዝግበዋል እንበል። ከታንኳዎቹ 20ዎቹ የወንዝ መግቢያ ላይ በአማካይ 12 ኪሎ፣ 80ዎቹ ደግሞ ዳርቻ ላይ በአማካይ 6 ኪሎ ያዙ። ከባለ ሞተሮቹ 80ዎቹ የወንዝ መግቢያ ላይ 11 ኪሎ፣ 20ዎቹ ዳርቻ ላይ 5 ኪሎ ያዙ። ቦታውን ሳንለይ ስናሰላ የታንኳው አማካይ 7.2 ኪሎ፣ የሞተሩ 9.8 ኪሎ ይሆናል፤ ባር ግራፉም ሞተሩ በ2.6 ኪሎ እንደሚበልጥ ያሳያል። ቦታውን ስንለይ ግን በሁለቱም ቦታ የሚበልጠው ታንኳው ነው፤ በሁለቱም በ1 ኪሎ። ባር ግራፉ ላይ የታየው ልዩነት የመጣው እያንዳንዱ ጀልባ ከሚውልበት ቦታ እንጂ በአንድ ቦታ ላይ ካለው የማጥመድ ችሎታ አልነበረም።

ይህን በአንድ ሥዕል ለማሳየት በአግድሙ ዘንግ ላይ ዳርቻንና የወንዝ መግቢያን፣ በቋሚው ዘንግ ላይ ኪሎን ያድርጉ፤ ለታንኳ አንድ መስመር፣ ለሞተር ሌላ መስመር ይሳሉ። የእያንዳንዱ ነጥብ መጠን የጉዞዎቹን ቁጥር እንዲያሳይ ያድርጉት። የታንኳው መስመር ከላይ፣ የሞተሩ ከታች ሆነው ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያሉ፤ ትልቁ የታንኳ ነጥብ ዳርቻው ላይ፣ ትልቁ የሞተር ነጥብ ወንዙ ላይ ይቀመጣል። 7.2 እና 9.8 የተባሉትን ጠቅላላ አማካዮች ደግሞ ባዶ ክብ አድርገው በቀኝ ጠርዝ ቢያስቀምጧቸው ቅደም ተከተሉ የተገለበጠበት ምክንያት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይነበባል።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ቦታውን መለየት ሁልጊዜ ትክክለኛው መልስ አይደለም። ጥያቄው «በአንድ ቦታ ላይ የትኛው ጀልባ የበለጠ ይይዛል?» ከሆነ ቦታውን መለየት ግድ ነው። ጥያቄው «አንድ ታንኳ ያለው አጥማጅ ሞተር ቢያገኝ ምርቱ ምን ይሆናል?» ከሆነ ግን ሞተሩ የሚጠቅመው ወደ ወንዙ መግቢያ በማድረስ ነውና ቦታውን ለይቶ ማየት የሞተሩን ጥቅም ራሱን መደበቅ ይሆናል። ሁለቱም ግራፎች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ግን የተለያየ ጥያቄ ነው።

ከመሳልዎ በፊት ጥያቄውን ይጻፉ

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ የግራፉን ንድፍ ይሰጣልና። ለምሳሌ «የነጭ ዓሣና የቆሮሶ ምርት ከወር ወደ ወር እንዴት ይለወጣል? ለውጡስ በወንዝ መግቢያና በዳርቻ ይለያያል ወይ?» ብለው ከጻፉ፣ የሚለካው ምርት በቋሚው ዘንግ ይቆማል። «ከወር ወደ ወር» የተባለው በአግድሙ ዘንግ ይሄዳል። «ይለያያል ወይ» ተብሎ የተጠየቀበት ቦታ እርስ በርስ የሚነጻጸሩ ሁለት መስመሮች ሆኖ በአንድ ሥዕል ውስጥ ይገባል። የዓሣው ዓይነት ደግሞ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ሥዕሎችን ይሰጣል። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያልተጠቀሰ ተለዋዋጭ በዚያ ግራፍ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሌላ ጥያቄ ካለው ሌላ ግራፍ ይሠራለት።

ይህ ድልድል የዘፈቀደ አይደለም። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከግራፍ ላይ መጠንን ሲገምቱ ምን ያህል እንደሚሳሳቱ በሙከራ መርምረው ነበር። ዐይን በትክክል የሚያነበው በአንድ የጋራ ልኬት ላይ ያለን ሥፍራ ነው፤ ከዚያ ርዝመት ይከተላል፤ ማዕዘንና ስፋት ከእነዚህ ያንሳሉ፤ የቀለም ድምቀት መጠንን በማሳየት ረገድ ከደካሞቹ ወገን ነው። ስለዚህ ዋናው ገላጭ ሥፍራን ይውሰድ፤ ሁለተኛው ቀለምን ወይም የመስመር ዓይነትን ይውሰድ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሥዕሉን ወደ ንዑስ ሥዕሎች በመክፈል ይታዩ። የነጥብ መጠን እንደ ናሙና ብዛት ላለ ረዳት መረጃ ይበቃል እንጂ ዋናውን ጉዳይ መሸከም አይችልም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ወርን በቀለም፣ ቦታን በነጥብ ቅርጽ፣ ጥልቀትን በነጥብ መጠን፣ ጀልባን ደግሞ ሙሉና ባዶ ነጥብ በማድረግ ሁሉንም በአንድ ሥዕል አቅርቤ ነበር። የቀረበላቸው ሰዎች የተሰጠውን ጊዜ በሙሉ የምልክት መግለጫውን በመጠየቅ ጨረሱት፤ ስለ ዓሣው አንድም ጥያቄ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሥዕል ውስጥ ከሁለት ገላጮች በላይ አላስገባም፤ ሌሎቹን በንዑስ ሥዕሎች እከፍላቸዋለሁ።

ስለ ባለ ሦስት አቅጣጫ ግራፍ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ታትሞ ሲወጣ ወደ ኋላ የራቀው ነጥብ ከፍ ያለ ይሁን የራቀ መለየት አይቻልም፤ አይጠቀሙበት።

ሠንጠረዡን ማስተካከል

ለእያንዳንዱ የዓሣ ዓይነት የተለየ ዓምድ ከፍተው፣ ማለትም ቆሮሶ በአንድ፣ አምባዛ በሌላ፣ ነጭ ዓሣ በሦስተኛው ዓምድ ከመዘገቡ፣ የግራፍ መሥሪያ ሶፍትዌሮቹ፣ በአር የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራው ጂጂፕሎት2ም ሆነ በፓይተን የሚሠራው ሲቦርን፣ ዓይነቱን እንደ አንድ ተለዋዋጭ በቀላሉ ሊያዩት አይችሉም። ሦስቱን ዓምዶች ወደ ሁለት ይለውጧቸው፤ አንዱ የዓሣውን ዓይነት፣ ሌላው ክብደቱን ይያዝ። በዚህ ጊዜ አንድ መረብ ሦስት ረድፍ ይኖረዋል። ምንም ያልያዘበት ረድፍ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ፤ መረቡ ወርዶ ቆሮሶ አለመያዙ ዜሮ ኪሎ ተብሎ የሚመዘገብ እውነተኛ ልኬት ነው፤ መረቡ ጨርሶ ያልተጣለበት ሌሊት ደግሞ ከዜሮ የተለየ ነውና ባዶ ይተዋል። ሁለቱን ማደባለቅ አማካዩን በጸጥታ ያዛባዋል።

ቀጥሎ በቁጥር የተለኩትን ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚያሳየውን የነጥብ ግራፍ ማትሪክስ ለራስዎ ይሳሉ። አምስት ተለዋዋጮች 10 ጥንድ፣ ስምንት ተለዋዋጮች 28 ጥንድ ይሰጣሉ። ይህ ሥዕል ለአንባቢ የሚቀርብ አይደለም፤ ጥቅሙ የትኞቹ ገላጮች ተያይዘው እንደሚለወጡና የትኛው ቁጥር በስሕተት እንደ ተጻፈ ለሠሪው ማሳየት ነው። ከፍተኛው ጥልቀቱ ከ15 ሜትር በማያልፍ ሐይቅ ላይ 80 ሜትር የሚል ነጥብ ብቅ ካለ 8.0 ለማለት ተፈልጎ እንደ ሆነ ወዲያው ይታያል።

ንዑስ ሥዕሎች

አንድን ገላጭ በየደረጃው ከፍሎ ተመሳሳይ ሥዕል ደጋግሞ መሳል ብዙ ተለዋዋጮችን ለማሳየት እስከ ዛሬ ከተገኙት መንገዶች ሁሉ ይልቅ የምተማመንበት ነው። ክሊቭላንድና የቤል ላቦራቶሪ ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ትሬሊስ በሚል ስም ያስፋፉት ይኸው አሠራር ዛሬ በብዙ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ውስጥ ይገኛል። አንዱን ነገር ባለበት አቁሞ ሌላው ሲለወጥ ማየት ስለሚያስችል፣ ሥዕሉ ራሱ «በዚህ ሁኔታ ሲሆን እንዲህ፣ በዚያ ሁኔታ ሲሆን ደግሞ እንዲያ» እያለ ይናገራል።

ሊጠነቀቁለት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ልኬቱ ነው። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ንዑስ ሥዕል የራሱን ልኬት እንዲመርጥ ከተፈቀደለት በአንዱ 3 ኪሎ፣ በሌላው 30 ኪሎ እኩል ከፍታ ላይ ሊታዩ ይችላሉ፤ አንባቢው ደግሞ የሚያነጻጽረው ከፍታን እንጂ በጠርዙ የተጻፈውን ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ልኬቱ ለሁሉም አንድ ይሁን። የአንዱ ዓሣ ምርት እጅግ ጥቂት ሆኖ ጠፍጣፋ መስመር ከሆነ፣ ጠፍጣፋነቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ውስጣዊ ለውጡን ማሳየት ካስፈለገ ሌላ ግራፍ ይሠራለታል።

ሁለተኛው አደራደሩ ነው። የሚነጻጸረው ከፍታ፣ ማለትም ኪሎው ከሆነ፣ ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ያሰልፏቸው፤ ዐይን በአንድ አግድም መስመር ሮጦ ያነጻጽራል። የሚነጻጸረው በአግድሙ ዘንግ ላይ ያለ ሥፍራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከፍተኛው ምርት የሚገኝበት ወር የቱ ነው የሚል ከሆነ፣ አንዱን በሌላው ላይ ይደርድሯቸው። ይህች ትንሽ ምርጫ ብዙ ጊዜ ለሶፍትዌሩ ትተዋለች፤ ግራፉ ጥያቄውን እንዲመልስ ወይም እንዳይመልስ የምታደርገው ግን እርሷ ናት። በእያንዳንዱ ንዑስ ሥዕል ውስጥ የመረጃውን ሁሉ ነጥብ በፈዘዘ ግራጫ፣ የዚያን ክፍል ነጥቦች ደግሞ በደማቁ መሳል ሌላው ጠቃሚ ልማድ ነው፤ አንባቢው ክፍሉ ከጠቅላላው አንጻር የት እንደሚገኝ ያያል። የነጥቦቹን ቁጥር በየሥዕሉ ማዕዘን መጻፍንም አይርሱ፤ በ4 መረብ ላይ የተመሠረተ መስመር በ200 መረብ ላይ እንደ ተመሠረተው ሊታመን አይገባም።

ጎን ለጎን የማይሄዱ መስመሮች

ከጣና ነጭ ዓሦች፣ ማለትም ከ15 በላይ ዝርያ ካላቸውና አብዛኞቹ በዚህ ሐይቅ ብቻ ከሚገኙት የላቤኦባርበስ ወገኖች መካከል፣ ብዙዎቹ በክረምቱ መገባደጃ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ መግቢያ ይሰበሰባሉ። ቆሮሶ ግን ወደ ወንዝ አይወጣም፤ ጥልቀት በሌለው ሣርና ደንገል ባለበት ዳርቻ ይራባል። ስለዚህ ቦታ በምርት ላይ ያለው ተጽዕኖ በወሩ ላይ ይመሠረታል፤ ይህም መመሠረት ራሱ በዓሣው ዓይነት ላይ ይመሠረታል። በስታቲስቲክስ ይህ መስተጋብር ይባላል፤ በሠንጠረዥ ከሚቀርብ ይልቅ በግራፍ ሲቀርብ እጅግ ይቀላል።

ከላይ በተሰጠው ንድፍ መሠረት ወሩን በአግድሙ፣ ቦታውን በሁለት መስመር፣ ዓይነቱን በሁለት ንዑስ ሥዕል ሲስሉት፣ በነጭ ዓሣው ሥዕል ላይ ሁለቱ መስመሮች በበጋው ተቀራርበው ቆይተው በነሐሴና በመስከረም ሲራራቁ፣ በቆሮሶው ሥዕል ላይ ደግሞ ያ መራራቅ ሳይኖር ሲቀር ማየት ይጠበቃል። መስመሮቹ ጎን ለጎን ከሄዱ መስተጋብር የለም፤ ከተራራቁ ወይም ከተሻገሩ አለ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የመተማመኛ ወሰኑን፣ ማለትም እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተውን ክልል የሚያሳይ ጭረት፣ ያክሉ፤ የሁለቱ መስመሮች ወሰኖች እንዳይደራረቡም አንዱን በጥቂቱ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ያሽሹ።

ይሁን እንጂ መራራቅ ሁሉ መስተጋብር ነው ብሎ መደምደም አይገባም። በበጋ ዳርቻ 2 ኪሎ፣ ወንዝ መግቢያ 4 ኪሎ፤ በክረምት ዳርቻ 6 ኪሎ፣ ወንዝ መግቢያ 12 ኪሎ ቢሆን፣ ልዩነቱ ከ2 ወደ 6 ኪሎ ስላደገ መስመሮቹ ይራራቃሉ። ጥምርታው ግን በሁለቱም ወቅት እጥፍ ነው፤ ቋሚውን ዘንግ ወደ ሎጋሪዝም ልኬት፣ ማለትም እኩል ርቀት እኩል ጥምርታን ወደሚያሳይበት ልኬት፣ ቢለውጡት መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እንደ ዓሣ ምርት ያለ በማባዛት የሚያድግ ነገር ሲኖር ሁለቱንም ልኬት ሞክሮ፣ የትኛው እንደ ተመረጠና ለምን እንደ ተመረጠ በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል። ዜሮ ኪሎ ሎጋሪዝም የለውምና ምንም ያልያዙት መረቦች በዚያ ልኬት ላይ እንዳይጠፉ፣ ቁጥራቸው በየወሩ ከግርጌ ይጻፍ።

ወር፣ ጾምና የቀን አቆጣጠር

የወር ስሞችን በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ሶፍትዌሩ በፊደል ተራ እንደሚደረድራቸው ማወቅ አለበት። በዚያ ተራ ሐምሌ መጀመሪያ ይመጣል፤ መስከረምና መጋቢት ይከተሉታል፤ ጳጉሜ መጨረሻ ትሆናለች። መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። የወሮቹን ቅደም ተከተል በእጅዎ ያስገቡ። ጳጉሜ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስላላት በወር ድምር ከተሳለ ምርቱ የወደቀ ይመስላል፤ በአንድ መረብ በአንድ ሌሊት የተያዘውን አማካይ መሳል ይህን ያቃልለዋል። የዝናብ መረጃው በአውሮፓውያን ወር፣ የዓሣው በኢትዮጵያ ወር የተመዘገበ ከሆነም ሴፕቴምበርን መስከረም ብሎ መተርጎም አይበቃም፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነውና ቀኖቹ አንድ በአንድ መለወጥ አለባቸው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ስለሚቀር የዓሣ ገበያ ይደራል፤ ገበያው ሲደራ አጥማጁ ብዙ መረብ ይጥላል። በአንድ ዓመት መረጃ ላይ ተመሥርቶ በመጋቢት የታየው ለውጥ ከወቅቱ ነው ወይስ ከጾሙ የሚለው በምንም ዓይነት ግራፍ አይለይም፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ይመጣሉና። ነገር ግን ጾሙ በየዓመቱ ይዘዋወራል። መግቢያው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5፣ ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. ጾሙ መጋቢት 2 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 17 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። እንግዲህ ከየካቲት 17 እስከ መጋቢት 1 ያሉት 15 ቀኖች በአንዱ ዓመት የጾም፣ በሌላው የፍስክ ወቅት ነበሩ፤ ከሚያዝያ 12 እስከ 26 ያሉት 15 ቀኖችም በተገላቢጦሽ። የዘመን አቆጣጠራችን ወቅትን ከጾም የሚለይ ሙከራ ራሱ አዘጋጅቶልናል፤ ለመረጃ ሠሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ይህን ለማሳየት ሁለት ግራፍ ከላይና ከታች ይሥሩ። በላይኛው አግድም ዘንግ ላይ የዓመቱን ቀን ያድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ስለው የጾሙን 55 ቀን በዚያው ዓመት ቀለም በፈዛዛው ይቀቡት። በታችኛው አግድም ዘንግ ላይ ደግሞ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ የተቆጠረውን ቀን ያድርጉ፤ መግቢያው ዜሮ፣ ከእርሱ በፊት ያለው አሉታዊ ይሁን። ለውጡን ያመጣው ወቅቱ ከሆነ የሁለቱ ዓመታት መስመሮች በላይኛው ግራፍ ላይ ይገጥማሉ፤ ጾሙ ከሆነ በታችኛው ላይ ይገጥማሉ። የሚሳለው ውጤትም አስቀድሞ ይወሰን፤ ጾሙ ወደ ገበያ የሚወጣውን ጠቅላላ ዓሣ ሲያሳድግ፣ መረቡ ስለ በዛ ብቻ የአንድ መረብ ድርሻ ሊቀንስ ይችላልና።

በቁጥር የተለካ ገላጭን መክፈል

ጥልቀትና የውኃ ጥራት ደረጃ የላቸውም፤ ተከታታይ ቁጥር ናቸው። የውኃ ጥራት ሴኪ ዲስክ የተባለው ክብ ሳህን ከዐይን እስኪሰወር በወረደበት ርቀት ይለካል። ምርት ከጥልቀት ጋር ያለው ዝምድና በውኃው ጥራት ይለያይ እንደ ሆነ ለማየት ጥራቱን ወደ ክፍሎች መክፈል ያስፈልጋል። ክፍሎቹ እኩል ስፋት ሳይሆን እኩል የነጥብ ብዛት ይኑራቸው፤ አለዚያ የመጨረሻው ክፍል ሦስት ነጥብ ብቻ ይይዛል። ደግሞም ክፍሎቹ በጥቂቱ ቢደራረቡ፣ ማለትም በድንበር ላይ ያሉት ነጥቦች በሁለቱም ጎረቤት ክፍሎች ውስጥ ቢታዩ፣ ድንበሩ የት ተቆረጠ የሚለው ድንገተኛ ምርጫ ሥዕሉን አይለውጠውም። አራት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ነጥቦቹን ተከትሎ የሚታጠፍ ለስላሳ መስመር ይሳሉ፤ ዝምድናው ቀጥ ያለ መሆኑን አስቀድመው አያውቁምና።

ከሞዴል በኋላ

ገላጮቹ ከአራት ሲያልፉ በንዑስ ሥዕል መክፈሉ አይችለውም፤ ነጥቦቹ ያልቃሉ። በዚህ ጊዜ የብዙ ተለዋዋጮች ሪግሬሽን፣ ማለትም ውጤቱን ከገላጮቹ ሁሉ በአንድ ላይ የሚገምት የስሌት ሞዴል፣ ይሠራና የእያንዳንዱ ገላጭ ድርሻ በሥዕል ይታያል። ከሁሉ የምመርጠው አሠራር የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የዓሣውን ክብደት ከውኃው ጥራት በቀር በሌሎቹ ገላጮች ሁሉ ያብራሩና ሳይብራራ የቀረውን ይያዙ። ቀጥሎ የውኃውን ጥራት ራሱን በእነዚያው ገላጮች ያብራሩና ሳይብራራ የቀረውን ይያዙ። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ቀሪ በቋሚው፣ ሁለተኛውን ቀሪ በአግድሙ ዘንግ አድርገው ይሳሉ። በእነዚህ ነጥቦች መካከል የሚያልፈው መስመር ዝንባሌ በሙሉው ሪግሬሽን ውስጥ ከውኃው ጥራት ጋር የተጻፈው ቁጥር ራሱ ነው፤ ይህን የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎቹ ራግናር ፍሪሽና ፍሬድሪክ ዋው በ1933 እ.ኤ.አ. አሳይተውታል። በሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ የነበረው ነገር አሁን በነጥቦች ተደግፎ ይታያል፤ ዝንባሌውን አንድ የራቀ ነጥብ ብቻ እየጎተተው እንደ ሆነም ይገለጣል።

ይህ ሥዕል በጣና ላይ ሌላ ነገርም ያጋልጣል። ወንዞቹ ደለሉን የሚያመጡት በክረምት ስለሆነ የውኃውን ጥራት ወሩ ብቻውን በአብዛኛው ያብራራዋል። በዚህም የተነሣ ሁለተኛው ቀሪ ትንሽ ይሆናል፤ ነጥቦቹም በአግድሙ ዘንግ መካከል ተጨናንቀው ይታያሉ። ያ መጨናነቅ መረጃው ጥራትን ከወር ለይቶ ለመናገር አቅም እንደሌለው ያሳያል፤ አንድ ወር ውስጥ የጠራና የደፈረሰ ውኃ ያለባቸው ቦታዎች ካልተለኩ በቀር ምንም ዓይነት ስሌት አያድነውም።

ሌላው የተለመደ ሥዕል ሌሎቹን ገላጮች በአማካያቸው አቁሞ የአንዱን ትንበያ መሳል ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው፤ ሞዴሉ ታንኳ ከሐይቁ መካከል የሚያጠምደውን ዓሣ ያለ ማመንታት ይተነብያል፤ እዚያ የደረሰ ታንኳ ግን በመረጃው ውስጥ የለም። መስመሩን ነጥብ እስካለበት ድረስ ብቻ ይሳሉ፤ ከግርጌም የእውነተኞቹን ልኬቶች ሥፍራ በትናንሽ ጭረቶች ያመልክቱ።

ኅትመት

ጥናቱ በቀለም ቢታተምም የሚነበበው ብዙ ጊዜ በፎቶ ኮፒ ነው፤ ቀይና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። እነዚህን ሁለት ቀለሞች መለየት የሚያዳግታቸው ሰዎችም አሉ። ሰማያዊና ብርቱካናማን ይጠቀሙ፤ አንዱን ጠቆር ሌላውን ፈካ ያድርጉ፤ መስመሮቹንም አንዱን ሙሉ ሌላውን ቁርጥራጭ በማድረግ ይለዩ። የመስመሩን ስም በተለየ መግለጫ ሳጥን ሳይሆን በመስመሩ ጫፍ ላይ ይጻፉት። ከሥዕሉ ሥር የሚገባው ጽሑፍ እያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደ ሆነ፣ መስመሩ እንዴት እንደ ተሰላ፣ ወሰኑ የምን እንደ ሆነ፣ የተተወ መረጃ ካለ ምን ያህል እንደ ሆነ ይናገር።

የአማርኛ ጽሑፍ በግራፉ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከወጣ ሶፍትዌሩ የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ኒያላን ወይም አቢሲኒካ ሲልን በስም ጠቅሰው ያዝዙ፤ ፒዲኤፉንም ሲያስቀምጡ ፎንቱ በውስጡ እንዲካተት ያድርጉ። ከዚያ ፋይሉን ያ ፎንት በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው የወሮቹ ስሞች በሙሉ መነበባቸውን ካረጋገጡ በኋላ ወደ ማተሚያው ይላኩት።